ዝዋይ ላይ አንድ ምሽት

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ዝዋይን የሚያውቃት በምሳ ሰዓት ነው። መኪናውን መንገድ ዳር ያቆማል፣ ዓሣውን ይበላል፣ ይሄዳል። እኛም ቤተሰቡ በሙሉ ለዓመታት እንዲሁ ነበርን። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን እናቴ ከሰፈር መውጣት እርም ብላ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ "እስቲ አባትህ ዓሣ የሚበላበት ከተማ እንደር" ስትለኝ ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ ተጣድፌ ተነሳሁ።

መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ገባን። ከተማዋ ባቱ ከተባለች ቆይታለች፤ የጋሪው ልጅም አርሞናል። እናቴ ግን ዝዋይ ማለቷን አልተወችም። ባጃጅ ሞልቶ ሳለ በጋሪ ካልሄድኩ ያለችውም እሷው ናት። ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሐይቁ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ከጀርባ ነው። ውኃው ሲጠቁር ማዶ ያለው ቱሉ ጉዶ ደሴት ገና ብርሃን አለው። እናቴ በሩቁ ደብረ ጽዮን ማርያምን ተሳለመች፤ ጽላተ ሙሴ ከዮዲት ጉዲት ሸሽቶ እዚያ ቆይቷል የሚለውን ትረካም ለጋሪው ልጅ ነገረችው። ልጁ ከእሷ በላይ ያውቀው ኖሯል፤ ቢሆንም አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ከዳር ደግሞ አባ ኮዳዎች፣ ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው፣ አጥማጆቹ የጣሉትን የዓሣ ሆድቃ ይሻማሉ።

እራት ላይ ያዘዘችው እናቴ ናት። "ሦስት ጥብስ፣ ዳጣውን አብዛው" አለች። ተተልትሎ የተጠበሰው ዓሣ ከነሎሚው በሦስት ሳህን ሲመጣ ሁለት ሰዎች ነበርን። አስተናጋጁ "ማዘር፣ የሚመጣ ሰው አለ?" አላት። ዝም አለች። ከዚያ "የጋሪውን ልጅ ጥራልኝ" አለችኝ። ልጁ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ አጥንቱን ብቻ አስቀረ።

ዓሣው ከድሮው አንሶብኛል። አማካይ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር የማይሞላ ሐይቅ የአበባውንም የአትክልቱንም እርሻ እያጠጣ እስከ መቼ ይችላል እያልኩ ሳሰላስል እናቴ እጇን ታጥባ ተነሳች።

በጋሪ አልመለስም አለች። ክንዴን ይዛ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈለች፣ በአስፋልቱ ዳር ቀስ እያልን ሄድን። ከእራት በኋላ በቆሎ! አባቴም እንዲሁ ነበር። አልጋ ወደያዝንበት ሆቴል ስንቃረብ፣

"ሐዋሳ ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

"ሁለት ሰዓት አይሞላም።"

"እንግዲያው ጠዋት በጊዜ ቀስቅሰኝ።"