በክረምት መንገድ ላይ ስለ አረማመድ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ሰበታን፥ ወደ አምቦ የሚጓዝ ቡራዩን፥ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያቀና ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ዋናው ጎዳና አስፋልት ቢኾንም፥ ወደ መንደር ሲገቡ በሐምሌና በነሐሴ እግርን የሚያስተዳድረው ጭቃ ነው።

ጭቃውም አንድ ዐይነት አይደለም። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና እግርን ይይዛል። በቡራዩ ተዳፋት ባለው ቀይ ዐፈር ላይ ደግሞ ላዩ ርሶ ሥሩ ይጠነክራልና እግር ሳይሰጥም ይንሸራተታል። «ከድጡ ወደ ማጡ» ያሉ አባቶቻችን ኹለቱን የለዩት በእግራቸው ነው።

ሰው መንገዱ እንደሚያዳልጥ ካወቀ፥ ገና ሳይረግጥ አረማመዱን ይለውጣል። እርምጃውን ያሳጥራል፤ ተረከዙን ወደ ፊት ከመወርወር ይልቅ እግሩን ዝርግ አድርጎ ያሳርፋል፤ ጉልበቱን ጥቂት ያጥፋል። ምክንያቱም እርምጃ ሲረዝም እግር አጋድሎ ስለሚያርፍ መሬቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ መሬቱም ያን ግፊት መያዝ ሲያቅተው ተረከዝ ያመልጣል። እርምጃ ሲያጥር ግን ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

ራኪዬ ቻምና ማርክ ሬድፈርን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ወለሉ ሊያዳልጥ እንደሚችል የጠረጠሩ ሰዎች ከወለሉ የሚፈልጉት የመያዝ ኀይል ከ16 እስከ 33 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት እንግዲህ ለእግርም ይሠራል።

ነገር ግን ለመጠርጠር አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የሚያይ ሰው በዐይኑ ያውቃል፤ ዐይነ ስውር በበትሩ ጫፍ ያውቃል። መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ፥ በትር ከእግር ቀድሞ መሬቱን የሚጠይቅ መልእክተኛ መኾኑን ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ግን እጇ በገመዱ ተይዟልና፥ ቢያዳልጣት ሚዛኗን የምትመልስበት የላትም። አረጋዊም ወድቆ የዳሌው አጥንት ቢሰበር፥ እንደ ቀድሞው በእግሩ መሄድ የሚሳነው ብዙ ነው።

ስለዚህ የቤት አባወራና እመቤት ከደጃፋቸው ጠጠር ያልብሱ፤ ለአረጋዊው ምርኩዝ ያቀብሉ፤ እንግዳም ሲሸኙ «ያዳልጣል፥ ቀስ ብለው ይርገጡ» ይበሉ። ይህ ቃል የእንግዳውን እርምጃ የሚያሳጥር እውነተኛ ድጋፍ ነው። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ማለት መልካም ልማዳችን ነው፤ ከመደናቀፉ በፊት ማስጠንቀቅ ግን ይበልጣል።