በፍላሽ የመጣ ፊልም
ሸሕዲ ላይ አብዛኞቻችን ፊልም የምናየው አስጭነን ነው። አንዱ ከጎንደር በፍላሽ ያመጣል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ ሰንበትበት ሲል ሰፈሩ ሁሉ ይዞታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥማ ከፍላሽና ከሚሞሪ ሌላ መንገድ አልነበረንም። «አዲስ ፊልም መጣ?» የሚል ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ እኔም መፈለጌ ደስ ይለኝ ነበር።

የቫይረስ ነገር ከኢንተርኔት ለሚያወርዱ ሰዎች ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ የምቀበለው ከማውቀው ሰው እጅ ነዋ! ያ ሰው ፊልሙ መጀመሪያ ከየት እንደወረደ እሱም እንደማያውቅ አላሰብኩም።

አንዱን ፋይል ከፈትኩት፤ ስሙም ምልክቱም የፊልም ነው፣ ግን ምንም አልታየም። ተበላሽቷል ብዬ ተውኩት። ቆይቼ ሳይ ፍላሹ ላይ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። እዚያው ፍላሽ ላይ የታላቅ ወንድሜ የሰሊጥ ሒሳብ ነበር፤ ለአረምና ለአጨዳ የቀን ሠራተኞች የተከፈለው፣ ቅድሚያ የወሰዱት፣ የቀረው ዕዳ። ደነገጥኩና ፎርማት አደረግሁት።

ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ሲነግረኝ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። ፋይሎቹ አልጠፉም ነበር፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ሒሳቡ የለም» ማለት እንዴት እንደከበደኝ! እሱ አልተቆጣም፤ ሠራተኞቹን እየጠራ እንደገና ሲጽፍ ግን አጠገቡ መቀመጥ አቃተኝ።

ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ዓይነቶችን መጨረሻ ፊደላት ይደብቃል። ፊልም ያልኩት ነገር መጨረሻው «ኤምፒ4» ሳይሆን «ኢኤክስኢ» ነበር፤ ማለትም ሲነካ የሚሠራ ፕሮግራም። መጠኑንም ባየው ይበቃኝ ነበር፤ ሙሉ ፊልም ብዙ መቶ ሜጋባይት ሲሆን ያ ሁለት እንኳ አይሞላም። የትርጉም ጽሑፍ ፋይልም አይታመንም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የቼክ ፖይንት የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪዎች በእሱ በኩል ቪኤልሲ የተባለው የፊልም ማጫወቻ ያለበትን ኮምፒውተር መቆጣጠር እንደሚቻል አሳይተዋል። ያ ቀዳዳ በአፕዴት ተደፍኗል፤ አፕዴት ያላደረገ ግን ክፍት ነው።

የወንድሜን ድካም ካየሁ በኋላ የፊልም ሠሪዎቹም ድካም ታየኝ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራቸውን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የሰጠው ለእነሱ ነው። እኔ ስንቱን የአማርኛ ፊልም ሳልጠይቃቸው በትኛለሁ። አሁን ማደሉን ትቻለሁ።

እናንተም ፍላሻችሁ ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው ሒሳብ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ካለ ፊልም ከማስጫናችሁ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጡት። ፎልደሩ ሾርትከት ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ፎርማት አታድርጉ፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።