የተብላላ ጭቃ

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል፣ በጉለሌ ወገን፣ እናታችን የሚኖሩበት የጭቃ ቤት አለ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳው እንዲመረግ ፈልገን አንድ ሽማግሌ መራጊ አስጠራን። ሽማግሌውም አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ «እንግዲህ ከዐሥር ቀን በፊት አይነካም» አሉን። እኛ ግን ከመሥሪያ ቤት ያገኘነው ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ «ጭቃ ደግሞ ምን ቀጠሮ አለው?» ብለን በማግሥቱ አስመረግነው። በሐምሌ ዝናብ ምርጉ ተሰነጣጥቆ በእናታችን አልጋ ራስጌ ወደቀ። እሳቸውም ስብርባሪውን እየጠረጉ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። አፈርን።

በኋላ ነገሩን ብንመረምር፣ የሽማግሌው ቀጠሮ እንዲያው ልማድ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ጭዱ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ሲብላላ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን ያላሉታል፤ ከዚያም የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር የአፈሩን ቅንጣት እርስ በርሱ ያያይዘዋል። ሥራው እርሾ በሊጥ ውስጥ እንደሚሠራው ያለ ነው።

ዛሬ የውጭ አገር ሊቃውንት ሕያዋንን የግንበኛ ረዳት ማድረጉን እጅግ አራቀውታል። በሆላንድ አገር፣ በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ፣ ሄንክ ዮንከርስ የተባሉ ሊቅ በአርማታ ውስጥ ባክቴሪያ ጨመሩ፤ አርማታው ተሰንጥቆ ውሃ ሲገባበት ባክቴሪያው ነቅቶ የኖራ ድንጋይ እየሠራ ስንጥቁን ይደፍናል። የእንጉዳይ ክርም በገለባና በሰጋቱራ ላይ ተዘርቶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ካደገ በኋላ በሙቀት ሲደርቅ ቀላል የሕንፃ አካል ይሆናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በሴኡል ከተማ ከእንጉዳይ ክርና ከቀርከሃ የተሠራ፣ «ማይኮትሪ» የተባለ ዛፍ መሰል ሥራ ቆሞ ታየ። ቁሱ ደካማ ቢሆንም ቅርጹ በዘዴ ስለ ታቀደ ጭነቱን ቻለ። ከሠሪዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ዲርክ ሄበል ቀደም ሲል በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት መሥራች ሳይንሳዊ ዲሬክተር ነበሩ።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ በአቅራቢያው የነበረው ቤተ መንግሥታቸው የእንጨት፣ የድንጋይና የጭቃ ሥራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በወጣን ቁጥር ያን ግድግዳ በአክብሮት እንመለከተዋለን።

በዚህ ዓመት ፈቃዳችንን አርዝመን ሽማግሌውን እንደ ገና ለመንናቸው። ጭቃው ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ዐሥሩን ቀን በሙሉ ታገሥን። ግድግዳው ክረምቱን ይችል እንደ ሆነ ገና አላየንም፤ እናታችን ግን አልጋቸውን ወደ ቀድሞው ቦታ መልሰዋል።