ከጥቁር ድንጋይ ወደ ቀይ ድንጋይ

ለጎንደር ልጅ ገደል ብርቁ አይደለም። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ሌላ ገደል ምን ያሳየዋል? ቢሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ገርዓልታን ይየው።

የእኛ ገደል ከእሳት የተወለደ ጥቁር ድንጋይ ነው። የዚያ አገር ግን አሸዋ ነው፤ ውሃ አምጥቶ ያከማቸው፣ በሚሊዮን ዓመታት ተጭኖና ተጣብቆ ድንጋይ የሆነ፣ ኋላም ጎርፍና ነፋስ ሲሸረሽሩት እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቀረ ቀይ አሸዋ። ሊቃውንቱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይሉታል። ለመፈልፈል የሚገራ፣ ለመቆም የሚጸና ነውና አባቶች ቤተ ክርስቲያን አነጹበት። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ የትግራይን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከመቶ በላይ ዘርዝረው እስኪያቀርቡ ድረስ የውጭው ዓለም የሚያውቀው ጥቂቱን ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሳለን አምስት ሆነን ሄድን። በሊማሊሞ ወርደን፣ አዲ አርቃይንና ማይ ጸብሪን አልፈን፣ ተከዜን በድልድይ ተሻገርን። ሙቀቱ አይጣል ነው! ሽሬ አድረን በማግስቱ በአክሱምና በዓድዋ አድርገን ሐውዜን ገባን፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ገበያተኛዋ በአውሮፕላን ድብደባ ያለቀባት ሐውዜን።

ወደ ማርያም ቆርቆር የሚያወጣው መንገድ በተሰነጠቀ ዓለት መካከል ነው። ግራና ቀኝ ቀይ ግድግዳ፣ ከላይ ክር የምታህል ሰማይ። አቡነ የማታ ጉሕ ደግሞ ጫማ ወልቆ በባዶ እግር ነው። ከመካከላችን አንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። አንድ የአገሬው ልጅ ከታች ሆኖ ተረከዙን በመዳፉ እየያዘ፣ «እዚህ ርገጥ፤ አለሁ» እያለ እርምጃ በእርምጃ አወጣው። ስንወርድ ገንዘብ ብንሰጠው «ቆይ መጀመሪያ» ብሎ እናቱ ዘንድ ወሰደን፤ ስዋ ጠጥተን ተመራርቀን ተለያየን።

ከዚያ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። የተሻገርንበት ድልድይ ፈረሰ። ከሁሉም ወገን ስንቱ ወጣት አለቀ። ያ ልጅ ዕድሜው ለጠመንጃ የደረሰ ነበር፤ ወሬውን ግን አላገኘንም።

ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ማራኪ ተመልሰን ሻይ ቤት ስንቀመጥ፣ ስለ «እነሱ» ወሬ ይነሳል። «እነማን?» እንላለን። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ተረከዙን የተያዘው ጓደኛችን ስኒውን ያስቀምጥና የዚያን ቀን አወጣጡን ይተርካል። ደስ ያለውም ያላለውም እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል።