ዛንዚባር ባይሆንልን ጓሳ አለችን



ወንድሞችና እህቶች፣ የዕረፍት ሰሞን ሲመጣ ስልካችን በዛንዚባርና በማልዲቭስ ፎቶ ይሞላል፤ ሰማያዊ ባሕር፣ የኮኮናት ዛፍ፣ የተጠበሰ ዓሣ። አላህ ላገራለት መልካም ነው። ብዙዎቻችን ግን አቅሙ ስለሌለን "ጉዞ ለኛ አልተጻፈም" ብለን ቁጭ እንላለን። እኔ አንድ የቅርብ ደሴት ልጠቁማችሁ፤ መንዝ ያለችውን ጓሳን።

ደሴት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን እርሻ የከበበው የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በዓለም የቀረውም 500 ገደማ ነው። ይህ ሣር ካለቀ የጓሳው ቀበሮ መሄጃ የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመድረሳ ጓደኞቼ ጋር ከደብረ ብርሃን ተነስተን በጣርማበር ታጥፈን ሄድን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ዙህርን ቀስር አድርገን ሁለት ረከዓ ሰገድን። ሙሳፊር ኹፉ ላይ 3 ቀን ከነሌሊቱ እንዲያብስ መፈቀዱ ምን ያህል ራሕመት እንደሆነ እዚያ ገባኝ። ከፊታችን ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ አንድ ቀይ ቀበሮ በመሐላቸው አይጥ ያድናል፤ አንዱ ሌላውን አይነካም።

ሣሩ የተረፈው ሰው ስለጠበቀው ነው። የመንዝ ገበሬ ለዘመናት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ኋላ ግን ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመዲና ዛፍ እንዳይቆረጥ መከልከላቸውን ለምናውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ምግቡስ? ያሳደሩን እናት ክርስቲያን ናቸው። "ልጆቼ፣ በግ እንዳላርድላችሁ የኛ እርድ አይሆናችሁም" ብለው ተጨነቁ። "እማማ፣ ገብስ እያለ ምን ጎደለን?" አልናቸው። ትኩስ የገብስ ቆሎ፣ በማርና በቅቤ የታሸ የበሶ ጭብጦ፣ ወተትም አቀረቡ። ሥጋ ቢሆን ለየብቻችን ነበርን፤ በሶውን ግን እሳቸውም አብረውን ከአንድ ገበታ ቆረሱ። ማታ የመንዝ ባና አለበሱን።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ። ጋቢ ያዙ፤ ቆሎና በሶውን ከነዋሪው ግዙ፤ ለእንስሳቱ ምግብ አትወርውሩ፤ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አላህ ለሀገራችን ሰላሙን ያውርድልን።