ስንት ገጽ ነው?

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሙዚቃና የፊልም ክምችት የሚባለው፣ ማንኛውም ነዋሪ ያለ ክፍያ ሊያዳምጣቸው፣ ሊያያቸውና የቤቱ ደንብ ከፈቀደም ሊዋሳቸው የሚችሉ የድምፅና የምስል ቅጂዎች ከነማጫወቻቸው በአንድ መዝገብ ሥር ተደራጅተው የሚገኙበት ስብስብ ነው። ከቅጂው፣ ከማጫወቻውና ከመዝገቡ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብቻቸውን ምንም አይፈይዱም፤ ይሁን እንጂ በመጽሐፍ ብቻ የኖረ ቤት ወደዚህ ሥራ ሲገባ የሚሰናከለው ሁሉም እንደሚገምተው በገንዘብ ሳይሆን፣ ከሦስቱ እጅግ ርካሽ በሆነው በመዝገቡ ነው። ስሙ ራሱ ችግሩን ይናገራል፤ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ቤት ነውና ዘፈን ወደዚያ ሲመጣ ከደጅ ጀምሮ እንግዳ ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስጦታ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የታየውም ይኸው ነበር። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት በማካሮኒ ካርቶን ስልሳ ገደማ ካሴት አምጥተው አስቀመጡ፤ ተረካቢው ወጣትም ያለ አንዳች ክፋት ትልቁን መዝገብ ገለጠ፤ በመዝገቡ ላይ በቀይ መስመር የተከፋፈሉት ዓምዶች ተራ ቁጥር፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ዓመትና የገጽ ብዛት ይላሉ። «ደራሲ» ላይ ብዙ ከቆየ በኋላ የዘፋኙን ስም ጻፈ፤ «አሳታሚ» ላይ የሙዚቃ ቤቱን ስም አሰፈረ፤ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። «እናቴ፣ ስንት ገጽ ልበል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ሁለት ነዋ ልጄ፤ ፊቱና ጀርባው» አሉት። ከኋላ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ሳቀ። ከዚያ ኃላፊው መጥተው ለካሴት የተዘጋጀ ቅጽ እንደሌለ በትሕትና አስረዱ፤ ካርቶኑም እንደመጣ ተመለሰ።

ቀልዱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የአንድ ካሴት «ደራሲ» ማን ነው? በካሴቱ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ወረቀት ሲዘረጋ፣ ከዘፋኙ ፎቶግራፍ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ ሙዚቃውን ያቀናበረው፣ ያጀበው ባንድ፣ የተቀረጸበት ስቱዲዮና ያከፋፈለው ሙዚቃ ቤት ተዘርዝረው ይገኛሉ። «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» ለሚሉ ወገኖች መልሱ ያ ወረቀት ነው፤ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ሳክስፎኑን የነፋው ሰው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ከክሩ ባላነሰ ጥንቃቄ መቀመጥ አለበት።

ስም ከተነሣ አይቀር፣ ሰውን በአባቱ ስም የመመዝገብ የፈረንጅ ልማድ ሳይታሰብበት ሲገለበጥ የሚያስከትለው ጣጣ መነገር ይኖርበታል። በዚህ አሠራር በምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የራሳቸውን ድምፅ በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ያቋቋመው አምሃ እሸቴና በዚያው ማተሚያ ሸክላዎቹ የወጡለት ዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ በአንድ መሳቢያ ውስጥ «እሸቴ» በሚል ርእስ ተደርድረው፣ ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ዕውቀትን ከ000 እስከ 999 የሚከፋፍለው የዲዊ የምደባ ሥርዓትም ቢሆን ለሙዚቃ 780ን፣ ለፊልም 791.43ን ይስጥ እንጂ፣ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ የሚለይ ንዑስ ቁጥር ስለማያቀርብ፣ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ተቀምጦ የራሱን ምድብ መሥራት ይኖርበታል።

ካሴት ሲነሣ ግን ስለ ጥርሶቹ ሳይነገር ማለፍ አይቻልም። በካሴቱ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ከተሰበሩ የቴፑ የመቅጃ ቁልፍ አልጫን ይላል፤ ይህም የተቀዳው ነገር በሌላ እንዳይደመሰስ የተበጀ መከላከያ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባት በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት ከሬዲዮ የቀዱትን የበገና መዝሙር ለመጠበቅ ሁለቱንም ጥርሶች በቢላዋ ጫፍ ሰብረው፣ ካሴቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አስቀምጠውት ነበር። ታላቅ ወንድም የተባለው ፍጡር ግን በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ ጋር ለሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በተፋለመችበት ቀን ባዶ ካሴት ሲያጣ፣ ቀዳዳዎቹን በማስቲካ ወረቀት ደፍኖ ጨዋታውን በስፖርት ጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ በበገናው ላይ ቀዳበት። ኢትዮጵያ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። አገሩ ሁሉ ሲጨፍር አባት በዚያ ቤት ውስጥ እራት አልበሉም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የቤተሰብ ቂም ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዳሩ ግን ዓመታት ባለፉ ቁጥር የዚያ ቀን የስርጭት ድምፅ ራሱ የሚፈለግ ቅርስ ሆነና ወንድም «አየህ፣ ያተረፍኩት እኔ ነኝ» እያለ በየበዓሉ ይከራከራል፤ አባትም እስኪያርፉ ድረስ አንድም ጊዜ አልተቀበሉትም። ካሴቱ ዛሬም አለ። የስታዲየሙ ጩኸት ድንገት ተቋርጦ፣ የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰምቶ፣ በክሩ ማብቂያ ላይ ሳይደመሰስ የተረፈ አሥር ሰከንድ የሚሆን በገና ይመጣል፤ ከበገናውም በስተኋላ የአባት ሳል ይሰማል፤ ቴፑን ከሬዲዮው ፊት ደቅነው ነበርና የቀዱት። የትኛው ዓምድ ላይ ይመዘገባል? ስፖርት? መንፈሳዊ? ደራሲስ ማን ነው የሚባለው?

ወደ ጉዳዩ ሲመለስ፣ ካሴትን ወደ ዲጂታል መገልበጥ መቸኮልን የማይቀበል ሥራ ነው፤ የስልሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ ይፈልጋልና የዛሬው ካርቶን ብቻውን ስምንት የሥራ ቀን ገደማ ይበላል። የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ለማቆያ ቅጂ የሚመክሩት 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ የሆነ፣ ማለትም ድምፁ በሴኮንድ 96,000 ጊዜ እየተለካ የሚመዘገብበትን ጥራት ሲሆን፣ በዚህ ልክ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ሦስት ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ይህ ዛሬ ውድ አይደለም። ውድ የሆነው ቴፑ ነው፤ ክር አንባቢ ሄዱ ያልተበላ፣ ቺንጊያው ያልላላ፣ ፍጥነቱ የማይዋዥቅ ማጫወቻና እሱን መፍታት የሚችል ጠጋኝ በየዓመቱ እየተመናመኑ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ያልተገለበጠ የማግኔት ክር ሊጠፋ ይችላል ብሎ ያስጠነቀቀበት አንዱ ምክንያት የክሩ ማርጀት ሲሆን ሌላው ይኸው የማጫወቻ እጥረት ነበር፤ ያ ዓመት ደግሞ ደረሰ።

የፊልሙ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በ1950ዎቹ እንደተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ያሉት በሴሉሎይድ ላይ የተነሡ ሥራዎች ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ይፈልጋሉ፤ አሲቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየተበላሸ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው አንዴ ከጀመረ ማዘግየት እንጂ ማዳን አይቻልም። ይህ የብሔራዊ ተቋም ሥራ እንጂ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሥራ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንኳ የታደሰው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ቤት ድርሻ ከ1990ዎቹ ወዲህ በቪሲዲ የወጡት ናቸው፤ አንድ ቪሲዲ ከ74 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ምስል ስለሚይዝ አንድ ፊልም በሁለት ይከፈል ነበርና፣ ስጦታ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ሲዲ መኖሩ ነው። በየቤቱ መሳቢያ ፍቅረኞቹ የተጣሉበት ሲዲ አለ፤ የታረቁበት የት እንደገባ ግን የሚያውቅ የለም።

ሕጉ እንቅፋት ነው የሚለውም ሰበብ ብዙ አያስኬድም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለትርፍ የማይሠሩ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ሥራን ለማቆየት ወይም የጠፋና የተበላሸ ቅጂን ለመተካት እንዲያባዙ በር ይከፍታል። በአንጻሩ «ለምን በኢንተርኔት የሚታይ አገልግሎት አንከራይም?» የሚለው ሐሳብ ዘመናዊ ቢመስልም፣ የኪራይ ነገር ምን ጊዜም ኪራይ ነው፤ የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካኖፒ ለተባለው የፊልም አገልግሎት ተጠቃሚው ባየ ቁጥር የሚከፍለው ሒሳብ ስለከበደው በ2019 እ.ኤ.አ. ውሉን ሲያቋርጥ፣ ከዚያ ሁሉ ኪራይ በመደርደሪያው ላይ የቀረለት አንድም ፊልም አልነበረም። የማካሮኒው ካርቶን ግን ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም።

ካርቶኑ ሲመለስ አንድ ነገር ታይቷል። ከካሴቶቹ መካከል ፎቶግራፍም የታተመ ወረቀትም የሌለው፣ በቢክ እስክሪብቶ «ከጅዳ የመጣ፣ እንዳይነካ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ነበር፤ ስልክ ብርቅ በነበረበት ዘመን ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ድምፃቸውን ቀድተው ለእናቶቻቸው ይልኩ ነበርና ያም ሳይሆን አይቀርም። ሴትየዋ ምናልባት ሳያውቁት ከዘፈኖቹ ጋር ቀላቅለውት ኖሮ፣ ሲያዩት አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። የዚያን ዓይነቱን ካሴት ቤተ መጻሕፍት መቀበል አለበት ወይስ «ይህንን ይዘው ይሂዱ» ብሎ መመለስ አለበት የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ክርክር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።

የዛሬው ግን ክርክር አያሻውም ነበር። «የገጽ ብዛት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «ርዝመት በደቂቃ» ብሎ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሰልፉ ላይ የነበረ ሁሉ እስክሪብቶ ይዞ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲያውም ሁለት ይዞ ነበር፤ ሳቀና ተራው ሲደርስ የተዋሰውን መጽሐፍ መልሶ ሄደ።