አምስት ሚሊ ሊትር ባሕር

ከቦስተን ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው አውቶቡስ የኬፕ ኮድ ምድር አልቆ ባሕሩ በሚጀምርበት ጫፍ ውድስ ሆል ላይ ያራግፍዎታል። መንደሯ አንድ ዋና ጎዳና፣ ለጀልባ የሚከፈት አንድ ድልድይና በየደጁ የባሕር ተመራማሪ አላት። የባሕር ሥነ ሕይወት ላቦራቶሪዋ እ.ኤ.አ. በ1888፣ የውቅያኖስ ጥናት ተቋሟ በ1930 ተመሠረቱ። ያየሁት ሁሉ ቢያምርም ልቤን የወሰደው በዓይን የማይታየው ነው።

ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት የሚሻገረው መርከብ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሌላው ተሳፋሪ የባሕር ወፍ ሲያይ እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ተቋሙ ከደሴቱ በስተደቡብ ያለውን ባሕር ጥቃቅን አልጌዎች እያነሣ ፎቶውን ለማንም ክፍት አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ያኖራል። ግራጫ መደብ ላይ በየተራ ይመጣሉ፦ አንዱ ተቀጣጥሎ ሰንሰለት ሠርቷል፣ አንዱ ከየማዕዘኑ ረጃጅም እሾህ አውጥቷል፣ አንዱ ሦስት ቀንድ አብቅሏል። አብዛኞቹ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም። በደረቅ ስልክ ላይ ሳያቸው ከሥሬ ያለው ውሃ ድንገት ሰው የሞላበት ከተማ መሰለኝ።

አንሺው መሣሪያ ኢሜጂንግ ፍሎው ሳይቶቦት ይባላል፤ ሮበርት ኦልሰንና ሃይዲ ሶሲክ የሠሩት ነው። እዚህ ባሕር ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። በየ20 ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይስብና አቅጥኖ በሌዘር ፊት ያሳልፈዋል። ክሎሮፊል ያለው ሕዋስ ሌዘሩ ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ካሜራው የሚነቃው በዚያ ብርሃን ነው። ሕይወት የሌለው ደለል በአብዛኛው ሳይነሣ ያልፋል።

ማን ማን እንደሆነ መለየቱ የኮምፒውተሩ ድርሻ ነው። አስቀድሞ ግን ባለሙያዎች ፎቶዎችን አንድ በአንድ እያዩ በየወገናቸው አስቀመጡለት፤ እርሱም ከእነዚያ መጠንን፣ ቅርጽንና የገጽታን ሁኔታ ተማረ። በ2007 በታተመው ጥናት 22 ምድቦችን 88 በመቶ በሚሆን ትክክለኛነት ለየ። በማይክሮስኮፕ ላይ የጎበጠ ሰው ቢበዛ ጥቂት ጠብታ ይጨርሳል፤ መሣሪያውን ግን ሌሊትም ሆነ ማዕበል አያስቆመውም።

ትዕግሥቱ ምን እንደሚያፈራ ያሳየችኝ ዳያተም ከሚባሉት አልጌዎች አንዷ የሆነችው ጉይናርዲያ ዴሊካቱላ ናት። ጤነኛዋ በፎቶ ላይ ውስጧ ወለል ብሎ ይታያል። በአንዳንዱ ፎቶ ግን ሆዷ ጠቁሮ የተቋጠረ ነገር ይዟል፤ ጥገኛ ተሕዋስ ገብቶባታል ማለት ነው። የዓመታቱ ፎቶ ከውሃው ሙቀት ጋር ሲመሳከር፣ ባሕሩ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ ጥገኛው ድራሹ እንደሚጠፋ ታወቀ። ይህች ዳያተም በክረምት ቅዝቃዜ ለምን እንደምትበዛም አንዱ መልስ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው በ2014 ነው።

ነገሩ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በ2008 ቴክሳስ፣ ፖርት አራንሳስ ላይ የተተከለ ተመሳሳይ መሣሪያ ዳይኖፊሲስ የተባለው መርዛማ አልጌ ሲበዛ ያዘው። መርዙ በኦይስተር ሥጋ ውስጥ ተጠራቅሞ በላተኛውን በተቅማጥ የሚያጣድፍ ነው። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ስለደረሰ ሰው ሳይታመም ምርቱ ታገደ።

ከደሴቱ ደቡብ፣ ካታማ ዳርቻ ላይ ቆሜ ማዶውን አማተርሁ። መሣሪያው ያለበት የምርምር ማማ ከባሕሩ ዳር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው የተተከለው። ካሜራው ጉይናርዲያን ሲያነሣት መታመሟን አያውቅም፤ የጠቆረውን ሆዷን አይቶ «ምን ነካት?» ያለው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። መዝገቡ ክፍት ነው፤ ስልክና የመርከብ ላይ 45 ደቂቃ ያለው ሰው መጀመር ይችላል።